ከበሮና ዶል አንድ መድረክ ላይ ሲወጡ፦ ለበዓልና ለኮንሰርት አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎች የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የኢትዮጵያውያን በዓላትንና ኮንሰርቶችን ለምታዘጋጁ
ግልባጭ፦ ለባንድ መሪዎችና ለድምፅ ባለሙያዎች
ጉዳዩ፦ ከሌላ ባህል ከበሮ ጋር ለሚቀርቡ ሥራዎች በቂ ልምምድ፣ የድምፅ ዝግጅትና ክፍያ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በበዓልና በሠርግ መድረኮቻችን ላይ ከበሯችንን በዱላ ከሚመታው የፑንጃብ ከበሮ ከዶል ወይም በእጅ ከሚመታው የሕንድ ጥንድ ከበሮ ከታብላ ጋር አጣምሮ ማቅረብ እየተወደደ መጥቷል። ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሻና ሕንዳዊ ጎን ለጎን ይኖራል፤ ልጆቹ አብረው ይማራሉ፤ ሠርግ ይጠራራል። ስለዚህ ነገሩ የሚጠበቅ ነው፣ እኛንም ደስ ይለናል። ቅር የሚለን አሠራሩ ነው። ተጋባዡ ዶል መቺ ዝግጅቱ በሚቀርብበት ዕለት አመሻሽ ላይ ይደርሳል። ከባንዱ ጋር የሚተዋወቀው መድረክ ላይ ነው። አንድ ማይክ ይቆምለትና «ሲሞቅ ግባበት» ይባላል። ይገባበታል። ሁለቱ ከበሮዎች ይጮሃሉ፣ ባሱ ይታፈናል፣ ዘፋኙ ምቱ ይጠፋበታል፣ እስክስታ የሚወርደውም ሰው ትከሻው የት እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ «የእነሱና የእኛ አብሮ አይሄድም» ተብሎ ይደመደማል።

ይሄዳል። የጎደለው ቆጠራውን አስቀድሞ መስማማት፣ ልምምድና የድምፅ ዝግጅት ነው። እነዚህ ደግሞ በገንዘብም በጊዜም ከአቅማችሁ በላይ አይደሉም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሥራ ከዋሽንግተን በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ርቀት ላይ፣ ብሩክሊን አለ። ሰኒ ጄይን ወላጆቹ ከፑንጃብ የመጡ፣ ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ውስጥ ያደገ ሙዚቀኛ ነው። አስቀድሞ የተካነው በጃዝ ድራም ነው፤ ዶል አንገቱ ላይ ያጠለቀው ከዚያ በኋላ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሬድ ባራት የተባለውን ባንድ መሠረተ። ባራት በሰሜን ሕንድ ሙሽራው በፈረስ ተቀምጦ፣ በዶልና በነሐስ ባንድ ታጅቦ ወደ ሙሽሪት የሚሄድበት አጀብ ነው። ጄይን ያንን አጀብ ከኒው ኦርሊንስ የጎዳና ሰልፍ ሙዚቃ፣ ከጃዝና ከዚሁ ከዋሽንግተን የጭፈራ ሙዚቃ ከጎ-ጎ ጋር አዋሐደው። ሲጀምር ባንዱ ውስጥ ጊታርም ኪቦርድም አልነበረም፦ ዶል፣ ድራም፣ ፐርከሽን፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ የባሱን ቦታ የሚይዘው ደግሞ ሱዛፎን የሚባለው ትልቅ የነሐስ መሣሪያ። በ2020 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም ያወጣውን አልበም ያሳተመለት እዚሁ ዋሽንግተን የሚገኘው የሙዚቃ አሳታሚ ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ ነው።

የነሐስ ባንዱ ወደ ሕንድ ሠርግ የገባው ከእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ጦር ነው። የእኛም ዘመናዊ ሙዚቃ አንዱ ሥሩ የማርሽ ባንድ ነው፤ ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የጣሉት መሠረት። ቦስተን ላይ ዳኒ መኮንን ያቋቋመው ደቦ ባንድ ሱዛፎን ይዞ የኢትዮጵያን ዜማ ሲጫወት ባዕድ የማይሆንብን ለዚህ ነው። ትራምፔቱ የጋራችን ነው። ሥራ የሚጠይቀው ከበሮው ላይ ነው።

ዶል ሁለት ፊት ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከማንጎ እንጨት የሚሠራ በርሜል መሰል ከበሮ ነው። ወፍራም ድምፅ ያለው ፊቱ ዳጋ ይባላል፤ የፍየል ቆዳ ነው፣ ከውስጥ በኩል ድምፁን የሚያወፍር ቅባት ይለጠፍበታል፣ የሚመታውም ጫፉ በቆለመመ ወፍራም ዱላ ነው። ቀጭኑ ፊት ቲሊ ነው፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ የሚመታው በቀጭን አርጩሜ ነው። የቲሊው ድምፅ ሹል ስለሆነ ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። የእኛ ከበሮ ግን በእጅ ነው የሚመታው። ሁለቱ እኩል ጉልበት የላቸውም። ከበሮ መቺው ዶሉን ለመድረስ ብሎ እጁን ካጠነከረ የከበሮው ድምፅ ይደርቃል፣ ትልቁ ፊት ጥልቀቱን ያጣል፣ እጁም ያብጣል። ሚዛኑን ማምጣት ያለበት የድምፅ ባለሙያው ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው። ባንግራ የሚባለው የፑንጃብ ጭፈራ መሠረታዊ ምት «ቻአል» ይባላል። ስምንት ምት አለው፦ ዳ ና ና ና፣ ና ዳ ዳ ና። «ዳ» ሲባል ሁለቱም ፊት አንድ ላይ ይመታል፤ «ና» ሲባል ቲሊው ብቻ። ስምንቱ ምቶች እኩል አይራመዱም። በየጥንዱ የመጀመሪያው ረዘም ብሎ ሁለት ቁጥር፣ ሁለተኛው አጠር ብሎ አንድ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ በ12 ስንቆጥራቸው 1፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10 እና 12 ላይ ያርፋሉ። የዳጋው ወፍራም ድምፅ የሚሰማው 1፣ 9 እና 10 ላይ ብቻ ነው። የእኛ የጭፈራ ምት ችክችካ በ6 ይቆጠራል፤ ሁለት ችክችካ 12 ነው። አንድ ዙር ቻአል ሁለት ዙር ችክችካ ላይ ሳይጎድል ሳይተርፍ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ባንድ በአራት ይቆጥርና ምቱን ለማቃናት ይታገላል፤ የሁለቱም ወዝ በዚያው ይጠፋል።

ጄይን ከኒው ኦርሊንስ ጋር ያገናኘውም በዚሁ በር ነው። ከ12ቱ ውስጥ እግር የሚረግጠው 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ነው፤ 10 አራተኛው እርምጃ ነው። የኒው ኦርሊንስ ሰልፍ ከበሮ በየሁለተኛው ዙር አራተኛውን እርምጃ አጥብቆ ይመታል። ቻአልም 9 ላይ ተንደርድሮ 10ን ይመታል። ሁለቱ ሙዚቃዎች የሚጫኑት ቦታ አንድ ነው። ከዚህ በላይ የኒው ኦርሊንስ ድራመር ምቱን በቀጥታና በረዥም-አጭር አካሄድ መካከል ስለሚያስቀምጠው፣ ለቻአሉ ቦታ ይለቅለታል። ያንን የምት ልዩነት ኮምፒውተር ላይ በእኩል ክፍልፋይ ያስተካከለ ሰው ድልድዩን አፈረሰው። በላፕቶፕ ሉፕ የምትጠቀሙ ከሆነ የፕሮግራሙ ፍርግርግ በሦስት የተከፈለ ይሁን፤ ምት የሚጠብቀው ክሊክም በአራት ሳይሆን በ12 ይሰጥ።

ችክችካና ቻአል ሲገናኙ በተደጋጋሚ የሚበላሸው አንድ ቦታ አለ። ስድስቱን ቁጥር ሦስት ሦስት አድርጎ ሁለት ቦታ መክፈል ይቻላል፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ቦታ መክፈልም ይቻላል። የእኛ ዘፋኞችና ክራር ደርዳሪዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይታወቃቸው ይሻገራሉ፤ የሙዚቃው ጣዕም አንዱ ይኸው ነው። ዶል መቺው ግን እግሩን የተከለው በሦስት ሦስቱ ላይ ነው። ዜማው ወደ ሁለት ሁለቱ ሲሻገር ፍጥነቱ የተቀየረ ይመስለዋል፣ ለመከተል ሲል አንድ ቁጥር ይንሸራተታል፣ ከዚያ የዳጋው 10 የከበሮው 9 ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዘፋኙን አይከተል፤ ከበሮ መቺውን ይከተል። ሁለቱ ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት ቦታ ላይ ይቁሙ።

ልምምዱን በመሣሪያ አትጀምሩ። ከበሮ መቺው ስድስቱን ያጨብጭብ፣ ዶል መቺው ምቱን በአፉ ይበል፦ ዳ ና ና ና፣ ና ዳ ዳ ና። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቲሊው ብቻ ከከበሮው ጋር ይግባ፤ ዳጋው ዝም ይበል። ሁለቱ ሳይገፋፉ ሲሄዱ ዳጋው ይጨመር። ያኔ ወፍራም ድምፆቹን መከፋፈል ያስፈልጋል፦ 1ን ሁሉም ይምታው፣ 9ና 10 ለዳጋው ይለቀቅ፤ ባስ ጊታሩም እዚያ ቦታ ላይ አዲስ ኖታ አይጀምር። ባንዱ በሙሉ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ፍጥነቱን በደቂቃ 100 እርምጃ ጀምሩ፤ ሲጸና 110፣ ከዚያ 120። ችክችካው ከለመደው ፍጥነት ዝቅ ማለቱ፣ ቻአሉም ከፍ ማለቱ አይቀርም። የት እንደሚገናኙ የሚወስነው ጨፋሪ ነው፤ ስለዚህ ወደ መጨረሻው ልምምድ ሁለት እስክስታ ወራጅና ሁለት ባንግራ ጨፋሪ ጥሩ። ትከሻው ካልሄደ ምቱ አልሄደም።

የመዝጊያው ጉዳይ ብዙ ባንድ አዋርዷል። የሕንድ ከበሮ መቺዎች ክፍል ሲዘጉ አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ደጋግመው 1 ላይ ያርፋሉ፤ ቲሃይ ይባላል። አራት ቁጥር ያለው ሐረግ ሦስት ጊዜ ሲደገም 12 ይሞላል፣ ማረፊያውም የሚቀጥለው 1 ነው። ነገር ግን አራት አራት የሚሄደው ሐረግ ሦስት ሦስት በሚቆጥር ጆሮ ላይ ሲመጣ ፍጥነቱ የተቀየረ ይመስላል፤ ባንዱ ደንግጦ ሦስተኛው ድግግሞሽ ላይ ቀድሞ ይገባል። ቲሃዩ ምን ያህል እንደሚረዝም አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ትራምፔቶቹም አብረው ይጫወቱት። ነሐሱ አብሮ ሲዘጋው የመድረኩ ጉልበት እጥፍ ይሆናል።

ወደ ድምፅ ዝግጅቱ ስንመጣ፣ ለዶል ሁለት ማይክ ያስፈልጋል። ዶሉ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ፊቶቹ ግራና ቀኝ ስለሚያዩ፣ ከፊት ለፊት በቆመ አንድ ማይክ የሚገባው የቲሊው ጩኸት ነው፤ ዳጋው ይቀራል። መቺው ስለሚዘዋወርና ስለሚጨፍር የቆመ ማይክ አይሆነውም፤ ከበሮው ላይ የሚቆነጠጡ ሁለት ማይኮች ከገመድ አልባ ማሠራጫ ጋር ይዘጋጁለት። የዳጋው ማይክ ለድራም እግር ከበሮ የሚሠራው ዓይነት ይሁን፣ ከቆዳው ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ መሃሉን ሳይሆን በመሃሉና በጠርዙ መካከል ይይ። ሁለቱ ማይኮች ፊት ለፊት የሚተያዩ ስለሆኑ ሲደመሩ ወፍራሙን ድምፅ ሊያጠፋፉት ይችላሉ። የአንዱን ፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጡና ስሙ፤ የቱ እንደሚሞላ ወዲያው ይታወቃል፣ እሱን ያዙ። ለከበሮውም እንደዚሁ ለትልቁና ለትንሹ ፊት ሁለት ማይክ። በጠቅላላው አራት ቻናል ነው፤ ሚክሰሩ ላይ ከወዲሁ ይያዝ።

ጌኑን (የማይኩን የመግቢያ ድምፅ መጠን) የምታስተካክሉት መቺው ለፍተሻ ሲያንኳኳ አይደለም፤ በሙሉ ጉልበቱ ሲመታ ነው። ቢያንስ 12 ዴሲቤል ክፍት ቦታ ተዉለት፤ ሲሞቅ ቲሊው ይጨምራል። ከ120 ሄርዝ በታች ያለውን ከዘፋኞች፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ማይኮች ላይ ቁረጡ፤ ካልተቆረጠ የዳጋው ድምፅ በእነዚያ ማይኮች ሁሉ እየገባ አዳራሹን ያጉመተምታል። ባስ ጊታሩን 80 ሄርዝ አካባቢ ትንሽ ቀንሱለት። ለመድረኩ ሰዎች በሚሰማው ድምፅ ማጉያ (ሞኒተር) ውስጥ ዶል መቺው የከበሮውን ትልቅ ፊት ይስማ፣ ከበሮ መቺው ቲሊውን ይስማ። በመካከላቸው ከ2 እስከ 3 ሜትር ይኑር፣ የቲሊው ፊትም ወደ ዘፋኙ ማይክ አይዙር። ቲሊውን በየትኛው እጁ እንደሚመታ አስቀድማችሁ ጠይቁና መቆሚያውን በዚያ ወስኑ።

ውጭ ሜዳ ላይ በጁላይ ወበቅ የሚቀርብ ከሆነ ቆዳው ይረግባል። ብሎን ያለው ዶል በቁልፍ ይጠበቃል፤ ተቃራኒ ብሎኖችን ግማሽ ግማሽ ዙር እኩል ማዞር ነው፣ አንዱን ጎን ብቻ ካጠበቁት ቆዳው ይቀደዳል። የእኛ ከበሮ ግን በጠፍር የተወጠረ ስለሆነ ያለው መንገድ ማሞቅ ነው። በተራው መካከል ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ የኤሲ መውጫ አጠገብ ፈጽሞ አይቀመጥ፣ አውጥተው እንደመቱት ድምፁ ይቀየራል። ትሪኒዳድ ያሉ የሕንድ ተወላጆች ታሳ የሚሉትን ከበሯቸውን እስከ ዛሬ እሳት እያሞቁ ነው የሚወጥሩት፤ ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አርጩሜው በመካከል ስለሚሰበር ቢያንስ አራት መጠባበቂያ፣ የዳጋው ቆዳ ከተቀደደ ደግሞ መድረክ ላይ ስለማይቀየር ሁለተኛ ዶል ይኑር። ዶል ይከብዳል፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ያለ ዕረፍት አሸክማችሁ አታስጨፍሩት።

ታብላ ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ አለ። ታብላ እንደ ዶል አይደለም፤ ቀኝ እጅ የሚመታው ትንሹ ከበሮ በቁርጥ ኖታ ይቃኛል። መቺው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ዘፈኑ በየትኛው ቁልፍ እንደሆነ ካላወቀ የሚመጥን ታብላ ይዞ አይመጣም፤ አንዱ ታብላ ደግሞ ብዙ ርቀት አይቃኝም። ለትዝታ በመነሻው ኖታ ወይም በአምስተኛው ቢቃኝ ይስማማል። አንቺሆዬ ግን አምስተኛው ዝቅ ያለ ነው፤ ከሲ ከተነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። በአምስተኛው የተቃኘ ታብላ ሌሊቱን ሙሉ ሲጋጭ ያድራል። በመነሻው ይቃኝ። ካሊፎርኒያ ኖረው በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኡስታድ ዛኪር ሁሴን ከናይጄሪያው ባባቱንዴ ኦላቱንጂና ከሌሎች ጋር የተጫወቱበት የ1991ዱ አልበም ፕላኔት ድራም በዓለም ሙዚቃ ዘርፍ የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ታብላ ከአፍሪካ ከበሮ ጋር እንደሚሄድ ከተረጋገጠ ቆይቷል።

አንድ ነገር በአጽንዖት እንጠይቃለን። ለማኅሌት የተለየውን የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ለእይታ ያምራል ብላችሁ ወደ ክለብ አታምጡ። የባህል ከበሮ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። ለተጋባዡም ምክንያቱን ንገሩት፤ ፑንጃብ ውስጥም ዶል በመቃብር ቦታዎች ዙሪያ በሱፊ በዓላት ስለሚመታ አክብሮቱን ይረዳዋል።

ስለ ዝግጅቱ ቅርጽ አንድ ሐሳብ አለን። ጎ-ጎ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዋሽንግተን ዲሲ ይፋዊ ሙዚቃ ነው። ጠባዩ ዘፈን ሲያልቅ ምቱ አለማለቁ ነው፤ ኮንጋና ድራሙ ይዘው ወደሚቀጥለው ያሻግራሉ። የእኛ ሠርግ ቤትም ምት አይቋረጥም። ስለዚህ ድብልቁን በአንድ ዘፈን መካከል እንደ ማጣፈጫ ከመጣል ለ20 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ክፍል አድርጋችሁ መድቡት፤ አንድ የከተማዋን ኮንጋ መቺም ጨምሩበት። ኮንጋው በእጅ ስለሚመታ ከበሯችንን ያግዘዋል፣ ከዶሉም ጋር ይግባባል።

ስለ ክፍያና ውል አጭር ነው የምንለው። ቢያንስ ሁለት ልምምድ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት፣ ሁለቱም የሚከፈልባቸው ይሁኑ። የከበሮ መቺውና የዶል መቺው ስም ፖስተሩ ላይ ከዘፋኙ ስም ጋር ይውጣ። አብረው አዲስ ሥራ ከፈጠሩ የድርሰቱ ድርሻ ከዝግጅቱ በፊት በጽሑፍ ይከፋፈል፤ ድርሰቱና ቅጂው ሁለት የተለያዩ መብቶች ናቸው፣ ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ መነጋገር ጠብ ያመጣል። ለልምምድ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ድብልቁን ተዉት። ዶሉ ለብቻው 15 ደቂቃ ይምታ፣ ከበሮው ለብቻው ይቅረብ። ታዳሚው ሁለቱንም በደንብ ይሰማቸዋል፣ ማንም አያፍርም።

የምንጠይቃችሁ ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የዘፈኖቹን ዝርዝር፣ ቅኝታቸውን፣ ቁልፋቸውንና ፍጥነታቸውን ከቅጂያቸው ጋር ለተጋባዡ እንድትልኩለት፣ የልምምዱን ቀናት ውሉ ውስጥ እንድታስገቡ፣ አራቱን ቻናል ለድምፅ ባለሙያው በጽሑፍ እንድታሳውቁ ነው። የ12ቱን ቆጠራ የያዘውን ወረቀትና የማይክ አቀማመጡን ሥዕል ለሚፈልግ ባንድ ሁሉ ያለ ክፍያ እናካፍላለን፤ የመጀመሪያውን ልምምድም አብረን ለመቀመጥ ፈቃደኞች ነን።

ከሰላምታ ጋር፣

በመድረክ ሥራ ላይ ያለን ከበሮ መቺዎችና የድምፅ ባለሙያዎች